ዘይቱ ለማን ነው?

«ጋሼ፣ ዘይት ፈልጌ ነበር።»

«የምን ዘይት?»

«ጥሩውን ይስጡኝ።»

ይህን የሰማሁት ሶማሌ ተራ፣ የመኪና ዕቃ ከሚሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው። ልጁ ከጋራዥ ተልኮ የመጣ ነው። እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሯል፤ ብሩን ጨብጦ ይዟል። ሻጩ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ወደ መደርደሪያው ዞር እንኳ አላሉም። «ልጄ፣ ጥሩ ለማን?» አሉት። ልጁ ዝም ሲል ረጋ ብለው ይጠይቁት ጀመር። ለሞተር ነው ለካምቢዮ? ናፍጣ ነው ቤንዚን? ሞተሩ አዲስ ነው ወይስ ወርዶ የተጠገነ? መኪናው የት የት ነው የሚሠራው? የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ልጁ ግራ ተጋባ። መኪናው የሚሄድበት አገር ከዘይቱ ጋር ምን አገናኘው?

በደንብ ይገናኛል። ሽማግሌው የጠየቁት ሁሉ ሲጠቃለል ማሽኑን ራሱን እንደ መጠየቅ ነው። በምን ፍጥነት ትሽከረከራለህ? ምን ያህል ተጭኖብሃል? ምን ያህል ትሞቃለህ? አጠገብህስ ማን አለ፤ ውሃ፣ ዱቄት፣ ጨርቅ፣ ጎማ? እነዚህ ሳይመለሱ ከመደርደሪያው ላይ ጥሩ የሚባል ዘይት የለም። ያው አንዱ ጀሪካን ለአንዱ ሞተር ዕድሜ፣ ለሌላው መቃብር ነው።

ዋናው ደንብ ለመያዝ አይከብድም። ፈጣንና ቀላል ነገር ቀጭን ዘይት ይፈልጋል፤ ዝግተኛና ከባድ ነገር ወፍራም። ቀጭኑን ለማየት ሽሮ ሜዳ መሄድ ይበቃል። ልብስ ሰፊው ጠዋት ሥራ ሳይጀምር የሲንጀር ስፌት ማሽኑ ራስ ላይ ባሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች አፈ ሹሏን የዘይት ዕቃ እያስጠጋ አንዳንድ ጠብታ ይጥላል። ከዚያ ክር ሳያስገባ ፔዳሉን ጥቂት ጊዜ ይረግጣል። ቀጥሎ ብጣሽ ጨርቅ ከመርፌው ሥር ከትቶ ከዳር እስከ ዳር ይሰፋበታል። አውጥቶ ወደ ብርሃን ያቀርበዋል። ነጥብ ካየበት ሌላ ብጣሽ ያነሣል። ብጣሹ ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ ብቻ ነጩን የሐበሻ ቀሚስ ከመርፌው ሥር ያገባል። ዘይቱ እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ በዓለም አቀፉ የአይኤስኦ መለኪያ ከ10 እስከ 22 ባለው ውስጥ የሚውል። ይህ ቁጥር ዘይቱ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሲለካ ያለውን ውፍረት ይነግራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ዘይቱ ይቀጥናል። እዚያው ማሽን ላይ የመኪና ሞተር ዘይት ቢደረግ መርፌው ይከብዳል፣ ጨርቁም ላይ የማይለቅ እድፍ ይቀራል። ከሁሉ የሚብሰው የወጥ ቤት ዘይት ነው። ኑግን ወይም ሱፍን የመሳሰለ ዘይት አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይደርቃል፤ ወደ ሙጫነት ይለወጣል። በጥቂት ወር ውስጥ ሲንጀሩ በእግር ቢረገጥም አልንቀሳቀስ ይላል፤ ሰውየውም ማሽኑ አረጀ ብሎ ያዝናል።

ወፍራሙ ያለው ደግሞ እንደ ወንጂ ባሉ የስኳር ፋብሪካዎች ነው። ሸንኮራ የሚጨምቁት ግዙፍ የብረት ጥቅልሎች በደቂቃ የሚዞሩት ጥቂት ዙር ብቻ ነው፤ ሸክማቸው ግን በብዙ ቶን ይቆጠራል። እዚያ የሚገባው ዘይት ከዕቃው ሲገለበጥ ለመውረድ የሚያመነታ፣ ከመኪና ሞተር ዘይት በብዙ እጥፍ የወፈረ ነው። ለሲንጀሩ የሚሆነው ቢገባ ጥቅልሉ ገና አንድ ዙር ሳይሞላ ተጨምቆ ይወጣና ብረት ከብረት ይገናኛል።

ብረት ከብረት እንዳይገናኝ የሚያደርገው ምንድን ነው የሚለውን ለማወቅ የሰው ልጅ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። ሰው ከጥንት ጀምሮ ሞራም ጉሎም ቀብቷል፤ ለምን እንደሚሠራ ግን የተገለጠለት ዘግይቶ ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ ቢቻም ታወር የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ የገጠመው ነገር ነው። በ1883 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዝ የመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር የባቡር አክስል የሚያርፍበትን መሸከሚያ ይፈትን ነበር። ዘንጉ ከታች ዘይት ውስጥ ተነክሮ ይዞራል። ታወር ከላይ ዘይት ለማንጠባጠብ ብሎ መሸከሚያውን በሳው። ማሽኑ ሲነሣ ዘይቱ በቀዳዳው ወደ ላይ ፈልቆ ወጣ። ቡሽ ወተፈበት፤ ቡሹ ተገፍቶ ወጣ። የእንጨት ውታፍ መታበት፤ እሱም ወጣ። በመጨረሻ የግፊት መለኪያ ሲያስርበት መርፌው በኢንች ካሬ ከ200 ፓውንድ አለፈ፤ መሸከሚያው ላይ በአማካይ ያረፈው ሸክም ግን የዚያ ግማሽ ነበር። ለካ የሚዞረው ዘንግ ዘይቱን ራሱ እየጎተተ ከሥሩ እያስገባ፣ በዘይት ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚዞረው። ሦስት ዓመት ቆይቶ ኦዝቦርን ሬይኖልድስ ነገሩን በሒሳብ አስረዳው። ዛሬ በየሞተሩ ውስጥ ያለው ይኸው ነው፤ ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ የዘይት ሽፋን ቶኖችን ይሸከማል። ዘይት በጣም ከቀጠነ ሽፋኑ ይበጠሳል። በጣም ከወፈረም በጠባቡ መንገድ በጊዜ አይደርስም፤ ጉልበት ይበላል፣ ራሱም ይሞቃል። ምርጫው የሚወድቀው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

እንግዲህ ወደ ቁጥሮቹ እንምጣ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ጀሪካኑ ላይ 40 የሚል የሞተር ዘይት እና 90 የሚል የካምቢዮ ዘይት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ማንም የሚያስበው ዘጠናው ከአርባው እጥፍ በላይ እንደሚወፍር ነው። አይደለም። ሁለቱ የሚለኩት በተለያየ ሚዛን ነው። ሴንቲስቶክ በሚባለው የውፍረት መለኪያ 100 ዲግሪ ላይ ሲለኩ አርባው ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ፣ ዘጠናው ከ13.5 እስከ 18.5 ሴንቲስቶክ ይሆናሉ፤ ሊጠጋጉም ሊገናኙም ይችላሉ። ልዩነታቸው ውፍረቱ ላይ ሳይሆን ውስጣቸው የተጨመረው ቅመም ላይ ነው። ሞተሩ ጥቀርሻ የሚያጥብለት ይፈልጋል። የማርሽ ጥርስ ግን የሚፈልገው ጥርስ ጥርስን ሲጫን ብረቱን የሚከልልለት የሰልፈርና የፎስፈረስ ቅመም ነው።

ሁለት ቁጥር ያለውስ? 15ደብሊው-40 ሲባል ደብሊው የክረምት ምልክት ናት፤ የፈረንጅ ክረምት፣ በረዶ ያለበት። ፊት ያለው 15 ዘይቱ በብርድ ሞተሩን ሲያስነሣ ምን ያህል እንደማይከብድ ይናገራል፤ የሚፈተነውም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ነው። ኋላ ያለው 40 ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ያለውን ውፍረት ይናገራል። በአገራችን መኪና በሚሄድበት መንገድ ሁሉ ከዜሮ በታች 20 የሚደርስ ብርድ የለም። ስለዚህ ለብርዱ ብቻ ተብሎ በውድ ዋጋ ዜሮ ደብሊው መግዛት ለእኛ አስፈላጊ አይደለም። ፋብሪካው ራሱ 0ደብሊው-20 ካዘዘ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቁም ነገሩ ያለው ኋለኛው ሃያ ላይ ነው።

ሽማግሌው «የት የት ነው የሚሠራው?» ያሉት እዚህ ላይ ይገባል። ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ የሚነሣ ተሳቢ ጠዋት ያለው ከባሕር ወለል፣ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚደርስ ሙቀት ውስጥ ነው። ጋላፊን፣ ሚሌን፣ አዋሽን አልፎ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ይደርሳል፤ ወደ ደብረ ብርሃን ከታጠፈ 2,800 ሜትር ላይ የኅዳር ውርጭ ይጠብቀዋል። ያንኑ ዘይት ይዞ ነው ይህን ሁሉ የሚያልፈው። 15ደብሊው-40 ዘይት 40 ዲግሪ ላይ ከመቶ ሴንቲስቶክ በላይ ሲሆን 100 ዲግሪ ላይ ወደ 14 ይወርዳል። ነጠላ ቁጥር ያለው አርባ ደግሞ ሙቀቱ ላይ ያንኑ ያህል ሆኖ በብርዱ ግን ይበልጥ ይወፍራል። ደብረ ብርሃን ያደረ ሾፌር ንጋት ላይ ሞተሩን ሲያስነሣ ወፍራሙ ዘይት እስከ ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ያሉት ጥቂት ሴኮንዶች ናቸው ብረቱን የሚበሉት። እንዳስነሣ ነዳጅ የሚረግጥ ሰው ስሰማ ሆዴ ይባባል። ተርቦ ያለው መኪና ላይማ ይበልጥ። የተርቦው ዘንግ በደቂቃ እስከ 100,000 ዙር የሚደርስ ሲሆን የሚንሳፈፈው በዚያው ዘይት ላይ ነው። ዳገት ጨርሶ ከቆመ በኋላም ጥቂት ሳይረግጡ አስነሥቶ ማቆየት እንጂ ወዲያው ማጥፋት አይገባም፤ ዘንጉ ገና እየዞረ ዘይቱ ይቋረጥበታል።

«ወፍራም ዘይት ይሻላል» የሚለው እምነት ከአሮጌ መኪናዎች ዘመን የመጣ ነው፤ በዚያ ዘመን እውነትነት ነበረው። ፋሻው ያለቀ፣ ዘይት የሚበላ ሞተር ወፈር ባለ ዘይት ትንሽ ይታገሣል። ዛሬ ግን አዲስ አበባን የሞሉት ትናንሽ የቶዮታ መኪኖች የዘይት መንገዳቸው ጠባብ ነው። የቫልቭ ጊዜውን የሚያስተካክለው መሣሪያ የሚሠራው በዘይቱ ግፊት ነው። ለእነሱ የታዘዘው ቀጭን ሆኖ ሳለ ሃምሳ የሚሞላ ባለመኪና ሞተሩን ያከበረ ይመስለዋል፤ ሞተሩ ግን የሚጠጣው በጊዜ አይደርሰውም።

ሌላው እምነት ዘይት ሲጠቁር ተበላሸ የሚለው ነው። የናፍጣ ሞተር ውስጥ የገባ ዘይት ብዙም ሳይቆይ ይጠቁራል። ይህ ሥራውን መሥራቱን ነው የሚያሳየው፤ ጥቀርሻውን ከብረቱ ላይ እያነሣ በራሱ ውስጥ ተሸክሞ፣ ዝቃጭ ሆኖ እንዳይጋገር እየያዘው ነው። ይልቅ ሊያስደነግጠን የሚገባው ዘይቱ ነጣ ብሎ አረፋ ሲይዝ ነው፤ ውሃ ገብቶበታል፣ ምናልባት የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው። ወይም ልክ ሳይቀንስ ጨምሮ ሲገኝና ነዳጅ ነዳጅ ሲሸት ነው። ብዙ መካኒኮች ዘይቱን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል አሽተው ይፈርዳሉ። ደቃቅ ብረት ካለ በርግጥ ጣት ይነግራል። ቅመሙ ማለቁን ግን የትኛውም ጣት አይነግርም፤ ለእሱ ያለው ፋብሪካው የወሰነው ኪሎ ሜትር ነው። አቧራማ መንገድ ላይ የሚውል መኪና ከዚያም ቀደም ብሎ መቀየር አለበት፤ ፊልትሮውም አብሮ።

ጀሪካኑ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ፊደላት የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት፣ ማለትም ኤፒአይ፣ ለቤንዚን ሞተር በኤስ፣ ለናፍጣ በሲ የሚጀምር ደረጃ ይሰጣል። ሁለተኛው ፊደል በፊደላቱ ተራ ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ዘይቱ አዲስ ነው ማለት ነው። ሲኤፍ-4 በ1990 የወጣ ነው፤ ሲኬ-4 በ2016፤ የቤንዚኑ ኤስፒ በ2020 እ.ኤ.አ.። አዲስ ሞተር ገዝቶ የ1990ን ዘይት መሙላት ያሳዝናል፤ ሱቆች ውስጥ ግን አሁንም ጎን ለጎን አሉ፣ ዋጋቸውም ሰውን ይፈትናል።

ባጃጅ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ባለ አራት ምቱ ባጃጅ ፍሪሲዮኑ ያለው እዚያው ሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። ዘይቱ ሁለት ተቃራኒ ሥራ ይጠበቅበታል፤ ፒስቶኑን ማንሸራተት፣ ፍሪሲዮኑን ግን አለማንሸራተት። ለመኪና የተሠራ፣ ነዳጅ ቆጣቢ ተብሎ ማንሸራተቻ የበዛበት ዘይት ሲገባ ባጃጁ ዳገት ላይ ይጮሃል እንጂ አይሄድም። ሾፌሩ ፍሪሲዮን አለቀ ብሎ ያስቀይራል፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ይንሸራተታል። ለእንዲህ ያሉ ሞተሮች የሚሆነው ጃሶ ኤምኤ የሚል የጃፓኖች ምልክት ያለበት ነው።

ቅመም የበዛበት ዘይት ሁሉ ይሻላል ማለትም አይደለም። ጂኤል-5 የተባለው የዲፈረንሻል ዘይት በጂኤል-4 ውስጥ ካለው ብረት የሚከልል ቅመም እጥፍ ገደማ ይይዛል። ለዲፈረንሻሉ ከባድ ጥርስ ግሩም ነው። ካምቢዮ ውስጥ ግን ማርሽ ሲገባ የሚያስማሙት የናስ ቀለበቶች አሉ፤ ያ ሰልፈር ናሱን ሊበላው ይችላል። ፎቅ ላይ የሚያወጣን የአሮጌው ሊፍት ማርሽም ነሐስ ነው። እዚያ የሚገባው 460 የሚባለው ለነሐስ የሚስማማ ወፍራም ዘይት እንጂ ከመኪና የተረፈ ዘጠና አይደለም። የሕንፃ ጠባቂዎች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

የፍሬን ዘይት ጉዳይ የሰው ሕይወት ስለሆነ ጠንከር አድርጌ እናገራለሁ። እሱ ከነዳጅ ዘር አይደለም፤ ግላይኮል ከሚባል ሌላ ኬሚካል የሚሠራ ነው። ጎደለ ተብሎ የሞተር ዘይት ቢጨመርበት የፍሬኑ ጎማዎች ያብጣሉ፤ ፍሬኑ ሊይዝ ወይም ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል። ደግሞም ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ፍሬን እየረገጠ ይሄዳል። ፈሳሹ እዚያ ሲፈላ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይገባል። በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየር የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የተከፈተ ጣሳም ተከድኖ ለወራት ተቀምጦ የሚጨመር አይደለም።

ግሪስን ብዙዎች ሌላ ነገር ያስመስሉታል፤ ግሪስ በሳሙና ተይዞ ቦታውን እንዳይለቅ የተደረገ ዘይት ነው። ሳሙናው ከሊቲየም ከሆነ ሙቀት ይችላል፤ ከካልሲየም ከሆነ ውሃ ይቋቋማል። ለውሃ ፓምፕ አንዱ፣ ለሞቃት ቦታ ሌላው። ሁለት የማይስማሙ ግሪሶች ሲቀላቀሉ ቀጥነው ይፈሳሉ፤ ስለዚህ የነበረው ካልታወቀ አጥቦ በአዲስ መሙላት ነው።

ወፍጮ ቤት ገብቶ ኩሽኔታውን በእጅ የነካ ሰው ምን እንደምል ያውቃል። ኩሽኔታው ይሞቃል፤ ባለወፍጮውም ሲሞቅ ግሪስ አነሰው ብሎ እስኪፈስ ይሞላዋል፤ ይበልጥ ይሞቃል። የኩሽኔታ ቤት መሞላት ያለበት ከሲሶ እስከ ግማሽ ብቻ ነው። ሙሉ ሲሆን ኳሶቹ ግሪሱን እያቦኩ ይውላሉ፤ ሙቀቱም ከዚያው ይወለዳል፤ ትርፉ ማኅተሙን ገፍቶ ይወጣል። የሚወጣው ደግሞ ጤፍ ያለበት ቤት ውስጥ ነው። ለምግብ ማሽኖች ተብሎ ኤች1 የሚል ምልክት ያለበት ግሪስና ዘይት አለ፤ የተሠራው በድንገት ምግብ ቢነካ እንኳ እንዳይጎዳ ሆኖ ሲሆን፣ ከሚሊዮን 10 እጅ እንዳያልፍ ገደብ ተደርጎበታል። ዋጋው ከፍ ይላል። እንጀራ የሚበላ ቤተሰብ ሁሉ ግን የሚያልፈው በዚያ ወፍጮ ነው፤ ለዚህ የሚወጣ ብር ባይቆጨን እወዳለሁ።

የጎሚስታው ኮምፕሬሰርም ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። ያ ቀኑን ሙሉ ሲያንኳኳ የሚውል ማሽን ብዙ ጊዜ የሚሞላለት ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ነው። ኮምፕሬሰር አየር ሲጨምቅ ውሃ ይወልዳል፤ ዘይቱ ያንን ውሃ ከራሱ ለይቶ ወደ ታች መልቀቅ አለበት። አጣቢ ቅመም ያለበት የሞተር ዘይት ግን ውሃውን አቅፎ ይይዛል፤ ቫልቮቹም ጥቀርሻ ይጋገርባቸዋል። መቶ የሚባለው የኮምፕሬሰር ዘይት ከአንድ ቫልቭ ጥገና ይረክሳል።

የተቃጠለው ዘይት ራሱ የሚሄድበት ቦታ ያሳስበኛል። የግንባታ ሠራተኞች ሲሚንቶ እንዳይዝባቸው ጣውላውና ላሜራው ላይ ይቀቡታል። አንዳንዱ ምስጥ እንዳይበላ አጥሩ ላይ ያፈሰዋል። ከሁሉ የከፋው ወደ ቦይ የሚደፋው ነው። ከሞተር ሲወጣ የተቃጠለ ነዳጅ ትራፊና ከብረቱ የተላጠ ደቃቅ ይዞ ነው የሚወጣው፤ ጠብ ያለበት አፈር ቶሎ አይድንም፣ እጅም ላይ ሲውል ለቆዳ ጥሩ አይደለም። ዘይት የሚቀይር ጋራዥ ሁሉ አንድ በርሜል ለይቶ ቢያስቀምጥ የሚያስከፍለው የበርሜሉን ቦታ ብቻ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ «እንግዲህ ዘይት ቀረ» የሚል ሰው በዝቷል። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የሞተር ዘይት በርግጥ ቀርቷል። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መኪናም ከሞተሩ ወደ ጎማው ፍጥነት የሚቀንስ የማርሽ ሳጥን አለው፤ ኩሽኔታ አለው፤ ፍሬኑም ያው እርጥበት የሚጠጣ ፈሳሽ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተሩ በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ ስለሚዞር የማርሽ ዘይቱ ቀጭን ነው፤ በአንዳንዶቹም ያው ዘይት የሞተሩን የመዳብ ጥቅልል እየዳሰሰ ያቀዘቅዛል። መዳብ የሚበላ ሰልፈር የበዛበት ዘይት እዚያ ከገባ የሚጎዳው ጥርሱ ሳይሆን መዳቡ ነው። የካምቢዮ ዘጠና መሙላት ለለመደ እጅ ይህ አዲስ ነገር ነው። የእንደዚህ ያለ መኪና ባለቤት ከመመሪያው መጽሐፍ ላይ የማርሽ ሳጥኑን ዘይት መለያ ፎቶ አንሥቶ ለሻጩ ያሳይ፤ ሱቁ ውስጥ ከሌለ ደግሞ ተቀራራቢ ነው በሚባል ሌላ ሳይለውጥ እስኪመጣ ይጠብቅ።